አሥራ አንድ ማሉ፣ አንድ ቀረ

የካቲት 3፣ ሰኞ

የስድስት ሰው ቃል ተቀበልሁ። ስድስቱንም በእጄ ጻፍሁ፤ መብራት ስለሌለ ኮምፒውተሩ ጨርቁን ተከናንቦ ተኝቷል። ካርቦኑ አርጅቶ ሁለተኛውን ቅጂ ሰው አያነበውም... ሦስተኛውንማ መልአክም አያነበው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አድራሻ። አንዲት ሴትዮን ዕድሜዎ ስንት ነው ብላቸው "ወንድሜ ነው የሚያውቀው" አሉ። የት ናቸው? ሞተዋል። "ወደ ስልሳ" ብዬ ጻፍሁ።

ቤት ስገባ አባዬ ተከታታዩን ያያሉ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት... አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው፣ እርጅናቸውን ለቴሌቪዥን መርማሪ መርቀው ሰጥተዋል። የዛሬው መርማሪ በአንዲት ጠጉር ገዳይ ያዘ። ጠጉሯን አነሣ፣ በማጉያ አያት፣ ሮጠ፣ ያዘ። ማስታወቂያውን ጨምሮ አርባ ደቂቃ። ስም እስከ አያት አልጠየቀም።

"አንቺስ ዛሬ ምን ያዝሽ?" አሉኝ።

ጉንፋን፣ አልኋቸው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ኮማንደር አምባቸው ሰብስቦን የምሥራች አለ። ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጥተዋል፤ የፖሊስ ድራማ፣ አሥራ ሦስት ክፍል፣ ጣና ዳር የሚቀረጽ። የሙያ አማካሪ እሆን ዘንድ እኔ ኃጥእት ኢንስፔክተር ወለተ ኪዳን ተመረጥሁ። ለምን እኔ? "አፍሽ ሥራ ይፈልጋል" አለኝ።

ዳይሬክተሯ ሔራን ትባላለች። ቀልጣፋ ልጅ ናት፣ ክፉም አይደለች። መርማሪውን ሆኖ የሚሠራው ብሥራት ነው። መልከ መልካም፣ የቆዳ ጃኬት ለባሽ። በባሕር ዳር ሙቀት የቆዳ ጃኬት... ከቀትር በኋላ እንደ ጧፍ ቀለጠ።

ሔራን የምርመራ ክፍላችንን ዞር ዞር ብላ አየችና "እውነተኛ አይመስልም" አለች። አሥራ ሰባት ዓመት የተቀመጥሁበት ክፍል እውነተኛ አይመስልም። ሰማያዊ ቀቡት። የመስታወት ሰሌዳ አቆሙ፣ ፎቶ ለጠፉበት፣ ፎቶን ከፎቶ በቀይ ክር አገናኙ። ክሩ ምን ያደርጋል? "መርማሪው እያሰበ መሆኑን ያሳያል" አለችኝ። እኛ መዝገብ የምንሰፋበት ክር ካለቀብን ሁለት ወሩ ነው። ሲወጡ ከሐሳቡ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ቆርጬ ወሰድሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ነገር መጣ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው፤ አሥራ ሁለት አባል፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ ሞተር። ሞተሩ ከትናንት በስቲያ ከመጋዘን ጠፋ። ዐቢይ ጾም ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው። የዓሣ ገበያ የሚደራ በጾም ነው፤ ያለ ሞተር ምን ሊያሰግሩ?

እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት እንደ ወጉ ራሳቸው ዳኝተው ጨርሰዋል። ሊቀ መንበሩ አቶ ወልደ ጻድቅ አሥራ ሁለቱን ደብራቸው ደጃፍ አሰልፎ "እንማል" አለ። እሱ ቀድሞ መስቀል ጨብጦ ማለ። ሌሎቹም ተራ በተራ። አሥራ አንድ ሰው ማለ። አሥራ ሁለተኛው፣ መልካሙ የሚባል ከሐይቁ ማዶ የደልጊ ልጅ፣ "አልምልም" አለ። በቃ። ልብሱን ጨምድደው እሱን አመጡልን።

ወሰድህ ወይ አልሁት። "አልወሰድሁም።" እንግዲያስ ማል። "አልምልም።" 

ኮማንደሩ ሳቀ። ይሄ ምን ምርመራ አለው አለ። እኔም... መቼም ይህን ደብተር የሚያነብ የለ፣ እውነቱን ልጻፍ... እኔም ስቄ ማረፊያ ቤት አስገባሁት። ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?

የካቲት 7፣ ዓርብ

ፍርድ ቤት አቀረብሁት። እስከ 18 የጊዜ ቀጠሮ ተሰጠ። የጠየቅሁበት ምክንያት፦ "ቀሪ ምርመራ"። ቀሪው ምን እንደሆነ ዳኛዋም አልጠየቁ፣ እኔም አላውቅ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ቀረጻ ተጀመረ። ብሥራት ተጠርጣሪ የሚመረምርበት ትዕይንት። መብራት ያለበት ቀን ተገኝቶ፣ እሱን አጥፍተው አንዲት አምፖል ከላይ አንጠለጠሉ።

"ኢንስፔክተር፣ ተጠርጣሪውን ስትመቱት በቀኝ ነው በግራ?" አለኝ ብሥራት፣ በትሕትና።

በብዕር ነው፣ አልሁት። ሳቀ። ቀልድ መሰለው። በቀኝም በግራም የሚያውቅ ባልደረባ እንዳለን አልነገርሁትም፤ ቢያገኘው ያደንቀው ነበር።

በአምስተኛው ሙከራ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ተጠርጣሪው አለቀሰ፣ ሁሉን ተናዘዘ። ማን ጻፈው? ማንም። ክፍሉ ውስጥ ወረቀት የለም። የእነሱ ምስክር ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ነገ አቦ ነው ብሎ አይቀርም። መኪናቸው ነዳጅ አይጨርስም። አሻራ በዱቄት አነሡ፣ መልሱ በስልክ መጣ፣ ስልኩም ሁለት ሰከንድ አልፈጀ። እኛ አምና የላክነው አሻራ፣ የባለቤቱ እጅ በእርጅና ሳይጨማደድ መልስ ከመጣለት ተአምር ነው።

ይህን ሁሉ እስቅበት ነበር። ከሰዓት ኮማንደሩ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ለካ ከሔራን ጋር ተስማምቷል፤ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ አንድ እውነተኛ ወንጀለኛ ይቀርባል። የመጀመሪያው መልካሙ ነው። ማክሰኞ 18 ተጨማሪ ቀጠሮ እንጠይቅበታለን፣ ረቡዕ ይቀረጻል። ፍርድ ቤት መቼ ጥፋተኛ አለው? አልሁ። ሔራን ፊቱን እናደበዝዘዋለን አለች። ኮማንደሩ ደግሞ ምን ያደበዝዘዋል፣ ሰው ይማርበት አለ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

የመልካሙ ሚስት ሙሉነሽ ትባላለች። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ታመጣለች። የቀረጻውን ወሬ ሰምታለች፤ እዚህ ግቢ ወሬ ከሬዲዮናችን ይፈጥናል።

"እሜቴ፣ ደልጊ እናቱ አሉ። አሁን ቴሌቪዥን የሌለበት መንደር የለም። ሌባ ተብሎ አንዴ ከታየ፣ ቢፈታስ በየትኛው መንገድ ይሄዳል?"

ሥራዬ አይደለም፣ አለቃዬን ጠይቂ አልኋት። እንዲህ ብዬ ተናገርሁ... የወንበር ቁራኛ ቢሮክራት መሰልሁ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አባዬ ስለ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጠየቁኝ። አሥራ አንዱ ማሉ፣ አንዱ አልማለም፣ ያልማለውን አሰርሁ አልኋቸው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱት። መርማሪው እየሮጠ ሳለ ቀንሰውት አያውቁም።

"ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በዚያች ሌሊት የማለው የትኛው ነው?"

ይሁዳ ልል ነበር። ይሁዳ መቼ ማለ? የማለው ጴጥሮስ ነው። ሰውየውን አላውቀውም ብሎ የማለ፣ የተራገመ፣ ዶሮ ሲጮህ ያለቀሰ።

"መሐላ የሰው ፍርሃቱን ያሳይሽ እንደሁ እንጂ እጁን አያሳይሽም" አሉና ድምፁን መለሱት። ሯጩ መርማሪ ያዘ። እኔ ግን የመሪጌታ ልጅ፣ ወንጌል ሲነበብ ያደግሁ... ሰባት ቀን ሙሉ ምን እያሰብሁ ነበር?

የካቲት 14፣ ዓርብ

ቢሮዬ በካሜራ ስለተያዘ መልካሙን ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር አስቀመጥሁት። ብዕሬን ኪሴ ከተትሁ። ወስደሃል አላልሁም፣ ማል አላልሁም። መማል የተውኸው መቼ ነው አልሁት።

ነገረኝ። ደልጊ ሳለ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በዓሣ መረብ ተጣሉ። "ሁለተኛ ደጅህን ብረግጥ" ብሎ በታቦት ማለ። በወሩ ወንድሙ ሞተ። መሐላውን ፈርቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ ለቅሶውን ሰማ። ሬሳውን አልተሸከመ፣ አፈር አልመለሰ። የንስሐ አባቱ ከዚያ ወዲህ በእውነትም በሐሰትም እንዳይምል አዘዙት።

"ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርኸኝም?"

"አልጠየቁኝማ። ማል ነው ያሉኝ።"

ምን ይባላል... ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ አያቱን ጠይቄ ነበር። ይህን አልጠየቅሁም።

ሙሉነሽ ስትመጣ ሌላ ወሬ ጨመረችልኝ። ረቡዕ ለሚካኤል የደብራቸው ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ገዝተዋል፤ ሞተሩን የወሰደ በሰባት ቀን ካልመለሰ ከቅዱስ ቁርባንም ከሰው መቃብርም ይለይ ብለው። መልካሙ ረቡዕ እኛ ጋ ነበር። ግዝቱን ቆሞ የሰማው ሌላው ነው።

የካቲት 16፣ እሑድ

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ የጾም ቅበላ። አገሩ ሁሉ ደብር ሄዷል፤ የፊልሙ ሰዎች በሐይቁ ላይ ሌባ ያሳድዳሉ። የሠፈሩ ጀልባ ነጂዎች በኪዳነ ምሕረት ቀን ሌባ አናሳድድም ብለው ስለተዉአቸው ከሌላ ቦታ አምጥተዋል። ብሥራት ከጀልባ ወደ ጀልባ መዝለል ነበረበት። ዘለለ። ጃኬቱ ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ያውቃል። አራት ሰው አወጣው። ጠጉሩን አድርቀው እንደገና።

እኔ ሽጉጥ አያያዝ ላሳይ ተቀምጬ ሌላ አስባለሁ። የተገዘተ ሌባ ምን ያደርጋል? መሸጥ ፈራ። መጣል ፈራ። ይመልሳል። የት? በራሱ ደብር አይሆንም፣ ሞተሩን ሁሉ ያውቀዋል። ሌላ ደብር እንግዲህ... ሐይቁ ዳር።

የካቲት 17፣ ሰኞ

መኪና ጠየቅሁ። መኪናው ለማሳደድ ተወስዷል፤ የፊልሙን ሌባ። ነጠላዬን ለበስሁና በባጃጅ፣ ባጃጅ በማይደርስበት በእግሬ። ጾሙ ዛሬ ገባ፤ ሆዴ ባዶ። አራት ደብር ዞርሁ። የተሰረቀ ሞተር መጥቶ ነበር? አራቱም ገበዞች ኧረ አልመጣም አሉ። ደግሞም ከፋቸው።

በአራተኛው ደጅ እግሬን አሞኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። ሁለት ባልቴቶች አጠገቤ ትናንት ለንግሥ የገባውን ስለት ይቆጥራሉ። መጋረጃ፣ ጃንጥላ፣ ሁለት ሙክት... እኔ ደደብ። ግዝት የፈራ ሰው ሌባ ነኝ ብሎ ደጅ ያንኳኳል? ስለት አስመስሎ ነው የሚተው። ጫማዬን አጥልቄ አራቱን ደብር እንደገና ከአራተኛው ጀመርሁ። ያለው ግን በመጀመሪያው ነበር። ቄሰ ገበዝ ፍቅረ ማርያም፣ ጠዋት ምንም የለም ያሉኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጥተው አገኘኋቸው።

"አባቴ፣ ሰሞኑን ምን ስለት ገባ?"

"ስለትማ ብዙ ገብቷል። የጀልባ ሞተር ሳይቀር። ዓርብ ማለዳ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ደጀ ሰላሙ ሥር ተገኘ። ትናንት ለሕዝብ ተጫረተ።"

"ጠዋት ስጠይቅዎ አልመጣም አላሉኝም?"

"የተሰረቀ ነዋ ያልሽኝ። ለእመቤታችን የተሰጠ የተሰረቀ ይባላል?"

የገዛው የሽርሽር ጀልባ ያለው ሰው ነው። ቤቱ ሄድሁ። የሞተሩን ቅባት በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ቁጥሩን ማኅበሩ ከሰጠን የሞተሩ ካርድ ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው። እነሆ ላቦራቶሪዬ... ነገ አጥበዋለሁ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጠዋት ኮማንደሩ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። አሥራ አራት ቀን ትጠይቂያለሽ፣ ካሜራው ነገ ዝግጁ ነው አለ። ሞተሩ ተገኝቷል አልሁ። ሞተሩ ተገኘ እንጂ ሌባው ሌላ ነው ማን አለ፣ ሌባውማ በእጃችን ነው አለኝ።

ችሎት። መልካሙ ቆሟል፣ ሙሉነሽ ከኋላ፣ ማኅበርተኞቹ በአግዳሚው ሞልተው። ሔራን ሳትቀር መጥታለች። ዳኛዋ ፖሊስ ምን ይጠይቃል አሉ። ተነሣሁ። 

ፖሊስ ተጨማሪ ቀን አይጠይቅም አልሁ።

"በተጠርጣሪው ላይ ያላችሁ ማስረጃ ምንድን ነው?"

"አልምልም ማለቱ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። መጀመሪያም አልነበረም።"

 ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ይፈታ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ታዲያ ማን ወሰደው አሉኝ። "ከማሉት አንዱ ነው፣ ክብርት ዳኛ" አልሁ። ሰው ሳቀ። አቶ ወልደ ጻድቅ አልሳቀም።

መልካሙ በአጠገቤ አለፈ። አላየኝም። አመሰግናለሁም አላለኝ። ለምን ብሎ ይበለኝ? አሥራ ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከምርመራ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርሁ። ኮማንደሩ "ለዕረፍትሽ ነው" አለ። ባልንጀሮቼ ምስጥና አቧራ ናቸው፤ ሁለቱም አይምሉም።

ሔራን ልትሰናበተኝ መጣች። የስለቱ ነገር ቆንጆ ነው፣ ግን ተመልካች አይከተለውም አለችኝ። በድርሰቱ ውስጥ ሞተሩ በቦምብ ተተክቷል። የመልካሙን ቦታ ተዋናይ ይሞላዋል፤ በደንብ ያለቅሳል አሉ። ብሥራት ወደኋላ ቀርቶ "ግን ኢንስፔክተር፣ ስለት መሆኑን በምን አወቁ?" አለኝ። እግሬን አሞኝ ስቀመጥ፣ አልሁት። ሊጽፈው ብዕር ፈለገ። አልያዘም። የእኔን ሰጠሁት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ አቶ ወልደ ጻድቅ እኛ ቤት ተቀምጧል፤ ከአባዬ ፊት፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

እሱ ነው። ሞተሩን የወሰደው እሱ ነው። ማኅበሩን ያቋቋምሁት እኔ፣ የራሴን የወሰድሁ መሰለኝ ይላል። ለአንድ ነጋዴ ሊያስረክበው ቀጠሮ ነበረው። ጥርጣሬ እንዳይነካው እንማል ያለውም እሱ። ግዝቱን ሲሰማ ሞተሩን በታንኳ ወስዶ ስለት አደረገው። ታዲያ መልሶ ምን ቀረው? መሐላው ቀረው። መልካሙም ታስሮ እያየ ዝም ማለቱ። እህል አልወርድለት ብሎ ከስቷል።

ያላሳደድነው፣ ያልደበደብነው፣ አምፖል ያላንጠለጠልንበት ሰው... በእግሩ መጣ። ወደ ፖሊስ ግን አይደለም፣ ወደ መሪጌታ ነው የመጣ። አባዬ ደብሩን አነጋግረው ከሐሰት መሐላው እንዲያስፈቱት።

"መጀመሪያ ከልጄ ጋር ሄደህ ቃልህን ስጥ። ቀጥሎ ከበደልኸው ሰው እግር ሥር ድንጋይ ተሸክመህ ውደቅ። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ና" አሉት።

ቃሉን ምርመራ ክፍል ሄዶ ለተተኪዬ ሰጠ። ሰማያዊው ክፍል ውስጥ። በዋስ ወጥቷል።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ፣ ደልጊ

አባዬ ጉልበታቸው መርከብ አይችልምና አንቺ አድርሺው አሉኝ። ፖሊስ ሌባን ከባሕር ዳር ደልጊ በጣና መርከብ፣ ዳቦ ተካፍሎ... ይህንንም በየትኛው ክፍል ያሳዩታል?

መልካሙ እናቱ ቤት ነው ያለው። ከማኅበሩ ወጥቷል፤ በታንኳ እያሰገረ ነው። ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ ጎረቤት፣ ሙሉነሽ። አቶ ወልደ ጻድቅ ከደጁ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና ጎንበስ ብሎ ገባ። ወደቀ። እንዲህ አለ፦ "አጠፋሁ። ሁለተኛ እንዲህ ባደርግ ኪዳነ ምሕረት..."

መልካሙ ብድግ ብሎ እጁን አፉ ላይ አደረገበት። አይማሉ፣ ይቅር ብያለሁ አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ልወጣ ስል ሙሉነሽ ከበሩ ላይ ቆማለች።

"እሱስ መጣ። እርስዎስ እሜቴ?"

አልተቆጣችም። እንዲያው ጠየቀች። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የምመልሰው ፈለግሁ፤ ሕጉ፣ አለቃዬ፣ የጊዜ ቀጠሮው፣ ችሎት የተናገርሁት... ሁሉ አፌ ውስጥ ተሰልፎ ነበር፣ አፌም ሹል ነው ይባላል። 

አቶ ወልደ ጻድቅ ገና አልተነሣም። ድንጋዩን ከማጅራቱ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። ተንበረከክሁ። የተናገርሁትን አልጽፈውም።

ድንጋዩ ከባድ ነው። ይኸው ሲመሽም አንገቴን ያመኛል።